የማንም ያልሆነው መሬት

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ የዚህ ነገር ሥር ያለው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዓለምዘርፍ በዚያ ሆቴል አልጋ ከማንጠፍ ተነሥታ የክፍሎች ተቆጣጣሪ ሆናለች። ሥራዋ ሌሎች ያጸዱትን ክፍል እንግዳ ሳይገባበት ገብቶ ማየት ነው፤ አንሶላው ተወጥሯል ወይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፀጉር ቀርቷል ወይ፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል ወይ። ቴሌቪዥኑን ከፍታ መሥራቱን ታይና ወዲያው ትዘጋዋለች። «በዓለም ላይ የተሠራውን ፊልም ሁሉ ሁለት ሁለት ሰከንድ አይቻለሁ» እያለች ትቀልዳለች።

አንድ ቀን ግን ከፍታ መዝጋቱን ረሳችው። ፔንግዊኖች በነጭ በረዶ ላይ ተሰልፈው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ሆዳቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ጥቁር፣ አረማመዳቸው ለሽምግልና የተጠሩ አዛውንቶችን ይመስላል። አንዱ ይንሸራተትና በደረቱ ይወድቃል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ ሰልፉን ይይዛል። ከኋላቸው ቤት የለም፣ አጥር የለም፣ ባንዲራ የለም። የዓለምዘርፍ ለሠራተኞቿ በጥብቅ የከለከለችውን ነገር አደረገች፤ የተነጠፈው አልጋ ላይ ቁጭ አለች።

ከሥራ ስትወጣ ዊተን ለምትኖረው ነርስ ልጇ ደወለች።

«ሳራዬ፣ አንታርክቲካ የማን አገር ነው?»

«ኖባዲስ፣ ማሚ። የማንም አይደለም።»

«መሬት እንዴት ባለቤት አይኖረውም?»

«የኔ ነው የሚሉ አሉ፤ ግን ተስማምተው ክርክሩን ትተውታል። ኢሚግሬሽን ምናምን የለም። ፔንግዊንና ሳይንቲስት ብቻ ነው ያለው።»

«ቪዛስ?»

«ሁ ውድ ጊቭ ኢት ቱ ዩ? ማን ይሰጥሻል፣ ፔንግዊኑ?»

ሳራ ስቃ ስልኩን ዘጋች። እናቷ ግን አልሳቀችም። መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች «የማንም አይደለም» የሚለውን ቃል ደጋግማ አለችው።

ይህ ቃል ለምን እንደያዛት ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የዓለምዘርፍ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በደርግ ጊዜ፣ ወንድሟ ከታሰረ በኋላ ከነጋዴዎች ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣች። እናቷ የወርቅ ቀለበታቸውን በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፍተውላት ነበር። ኬላው ላይ አንድ ወታደር «ምን ይዘሻል?» አላት። «ምንም» አለችው። ካርቱም ላይ ቀለበቱ ተሸጠ። ሮም ስትገባ የኤርፖርቱ ሰው «ማን ዘንድ ነው የምትሄጂው?» አላት፤ የሌላትን አክስት ስም ጠራችለት። አሜሪካ ስትገባም ጠያቂ ነበር፣ መልስ ነበር፣ ላብ ነበር። በሦስት አህጉር ኖራለች፤ አንዱንም መርጣ አልረገጠችውም። ከአንዱ ሸሽታ፣ ከሌላው ተገፍታ፣ በሦስተኛው ተፈቅዶላት ነው። አገሩ ደግ ቢሆንም፣ ኑሮዋ ቢቃናም፣ ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክቶ ቀርቶ ነበር።

ያን ዕለት እራት ላይ ለባሏ ነገረችው። «ዓብዩ፣ አንድ መሬት ወድጄ መርገጥ እፈልጋለሁ። ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳይፈቅድልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ዓብዩ ጡረታ የወጣ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው፤ ግን ታክሲ ነጂ ነህ ቢሉት ይቀየማል። በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሕር የሚባል ነገር በሙሉ የግል ንብረቱ ሆኗል። የጎረቤት ቧንቧ ቢያንጠባጥብ እንኳ ሳይጠየቅ ስለ ውኃ ጠባይ ያስረዳል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ስለ ባሕር ግን ባለቤቱ እሱ ስለሆነ የሚከራከረው አልነበረም።

«አንቺ?» አላት። «ሳራ የተመረቀች ጊዜ ፖቶማክ ወንዝ ላይ በጀልባ ስንዞር ያስመለሰሽ?»

«ያስመለሰኝ የበላሁት ሽሪምፕ ነው።»

«ደቡብ ውቅያኖስ እኮ ፖቶማክ አይደለም። እዚያ ማዕበሉ ፎቅ ያክላል። እኔ እንኳ…»

«አንተ እንኳ ምን?»

«እኔ እንኳ አከብረዋለሁ።»

«እንግዲያው አብረን ሄደን እናክብረው» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ለዓመታት ያስቀመጠችው ነገር ነበራት፤ ከማንም አልተበደረችም፤ ስለ ገንዘቡ ይኸው ይበቃል። ትልቁ ጣጣ ሌላ ነበር። በኛ ሰው ዘንድ ሰው ያለ ምክንያት አይሄድም። የሚኬደው ወይ ለሠርግ ነው፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ የወለደች ልጅ ለማረስ፤ ሲበዛ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ነው። ስለዚህ የዓለምዘርፍ አንታርክቲካ ልትሄድ መሆኑን የሰማ ሁሉ የጠየቃት አንድ ጥያቄ ነው። «እዚያ ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«ማንም ስለሌለ እኮ ነው የምሄደው» ትላለች። ጠያቂው በሐዘን ያያታል።

ከሁሉ ይልቅ በሐዘን ያዩዋት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። እትዬ ወለተሥላሴ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ልብስ የሚያጠብቡበትና የሚያሳጥሩበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። በማኅበራቸው ውስጥ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። የዓለምዘርፍ አሜሪካ ስትገባ መጀመሪያ ያስጠጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ እናቷ እሳቸው ናቸው። መርከቡ ላይ ለመሳፈር ውኃ የማያስገባ ሱሪ ያስፈልግ ስለነበር ገዛች፤ ሱሪው ግን ለቀጭኔ የተሰፋ ይመስል እግሯን አልፎ መሬት ይጠርጋል። ይዛላቸው ሄደች።

እትዬ መርፌ ቁልፋቸውን በከንፈራቸው ይዘው ተንበርክከው ለኩላት። «እኔንና አንቺን እግዜር ሲፈጥር ጨርቅ አጥሮት ነበር» አሉ። እውነትም ሁለቱ ሲቆሙ ትከሻ ለትከሻ እኩል ናቸው። ከዚያ መርፌ ቁልፋቸውን አውጥተው ቀና አሉ። «ሐኪም ምን አለሽ?»

«የምን ሐኪም፣ እትዬ?»

«እኔን አትደብቂኝ።»

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዶክተሬ የልጅ ልብ ነው ያለሽ ነው ያለኝ።»

«እነሱ ሲጨንቃቸው እንደዚያ ነው የሚሉት» አሉና ሱሪውን ተቀበሏት።

እትዬ በልባቸው ፈርደው ጨርሰዋል፤ ጤነኛ ሰው ወደ በረዶ አይሄድም። አንድ ክፉ ነገር ተነግሯት፣ ሳትሞት ዓለምን ልትሰናበት ነው። በሳምንቱ ሱሪውን አሳጥረው፣ ከረጢት ውስጥ አድርገው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሰጧት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሥራ ስትመረምር የኖረችው ሴት የእትዬን ስፌት ሳትዳስስ ሳመችና ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። የእናት ሥራ አይመረመርማ።

ጉዞው በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሆነ። የዓለም ጫፍ ከሚሏት ከአርጀንቲናዋ ኡሽዋያ ከተማ መርከቧ ስትነሣ ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር። ዓብዩ የመርከቧን ጫፍ ይዞ፣ ኮፍያውን አዘንብሎ፣ ለአንድ ካናዳዊ ባልና ሚስት ስለ ነፋስ አቅጣጫ ንግግር አደረገላቸው። በማግስቱ የድሬክ መተላለፊያ የሚባለው ባሕር ውስጥ ገቡና ንግግሩ ተቋረጠ። መርከቧ ወደ ላይ ትወጣለች፣ ታስባለች፣ ከዚያ ትወርዳለች። ዓብዩ አልጋው ላይ በጀርባው ተዘርግቶ፣ ፊቱ እንደ አብሽ ቢጫ ሆኖ፣ ባልዲውን አቀፈው።

የዓለምዘርፍ ደግሞ ምንም አልሆነችም። ቁርሷን በላች፣ ሻይ ደገመች። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች። አልባትሮስ የሚባለው ታላቅ ወፍ ክንፉን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግብ ከማዕበሉ ሥር ገብቶ በማዕበሉ አናት ይወጣል። ለረጅም ጊዜ ከመርከቧ ጎን ጎን አብሯት ሄደ። በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያ ያለ ነፃ ፍጥረት አይታ አታውቅም።

ወደ ክፍላቸው ስትመለስ ዓብዩ እጇን ያዘ። «የዓለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ንገረኝ።»

«ምጽዋ ላይ ሥራዬ ሞተር ጥገና ነበር። ወደቡ ላይ። መርከቦቹ ሲወጡ እኔ እቀር ነበር።»

«ጭራሽ አልወጣህም?»

«አንድ ጊዜ ዳህላክ ድረስ ሄጃለሁ። ያኔም እንደዚህ ሆኜ ነበር።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ማዕበልም ያወጣዋል። የዓለምዘርፍ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እሱም በመጨረሻ ባልዲውን አቅፎ አብሯት ሳቀ። ለማንም አልናገርም ብላ ማለችለት። እንዴት እኔ ጋ እንደደረሰ አልጠየቅኩም።

ድሬክን ሲሻገሩ ዓለም ተለወጠ። ከሰማይ ጋር የተጣበቀ ተራራ፣ ከተራራው የሚወርድ በረዶ፣ ባሕሩ ላይ የሚንሳፈፉ ሰማያዊ የበረዶ ቋጥኞች። የጉዞው መሪ ሉሲያ የምትባል አርጀንቲናዊት ወጣት ናት፤ ፊቷ በፀሐይና በነፋስ የጠቆረ፣ ድምጿ የማይቸኩል። መሬት ከመውረዳቸው በፊት ተሳፋሪውን ሁሉ ሰብስባ ሕጉን ነገረቻቸው። ይህ ምድር የውጭ ዘር አያውቅም። በጫማ ሥር የተጣበቀች አንዲት የሣር ፍሬ፣ በኪስ ስፌት የተደበቀ ትንሽ አፈር፣ ለሺህ ዘመን ንጹሕ የኖረውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ልብስ ሁሉ በመጥረጊያ ማሽን ይሳባል፣ ጫማ ሁሉ ይታጠባል። ከዚያም የሚወሰድ ነገር የለም፤ ላባም፣ ጠጠርም።

የዓለምዘርፍ ይህን ስትሰማ ልቧ ሞቀ። በመጨረሻ እንደሷ የሚመረምር ሰው አገኘች። ማሽኑን ከመርከቧ ሠራተኞች ተቀብላ የራሷንና የባሏን ልብስ ኪስ በኪስ አጸዳች። ከዓብዩ ጃኬት ጥቂት ፍሬ ቆሎ ወጣና በዓይኗ ገሠጸችው። ሲያልቅ ወደ ሉሲያ ሄዳ «የኔም የሱም ንጹሕ ነው» ብላ ቃሏን ሰጠች።

ነፋሱ ግን አልተመቸም። ሊወርዱ ባሰቡበት ቦታ ሁሉ ወይ በረዶ ይዘጋባቸዋል፣ ወይ ማዕበል ይመልሳቸዋል። መሬቱን ሳይነኩ በጎማ ጀልባ ዙሪያውን ይዞራሉ። ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ከጀልባዋ አጠገብ ውኃው ጠቆረ፣ ከዚያ አንድ ዓሣ ነባሪ ጀርባውን አወጣ፤ ትንፋሹ በፊታቸው ላይ ረጨ። ሽታው የበሰበሰ ጎመን ሆኖ ካናዳውያኑ አፍንጫቸውን ያዙ። የዓለምዘርፍ ግን ፊቷን ሳትጠርግ ቀረች። ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት በረዶ ላይ ተጋድመው፣ ዓይናቸውን አንዴ ገልጠው አይተዋት መልሰው ተኙ፤ ማን ናት፣ ከየት መጣች፣ ምን ፈለገች የሚል ነገር አልነበራቸውም። ይህም ደስ አላት። ፔንግዊኖቹ ክሪል የሚባለውን ትንንሽ ቀይ ሽሪምፕ መሳይ ነገር ጠግበው ከውኃ ይዘልላሉ። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር «ጾም የማያውቁ ፍጥረቶች» አለች ለዓብዩ፤ እሷ ወጥ ቤቱ ሊሠራላት በለመደው ሽምብራ ላይ ነበረች።

ቀኖቹ እያለቁ ሄዱ። ሉሲያ አንድ ጠዋት በድምጽ ማጉያው ተናገረች። አንድ ጥግ የያዘ የባሕር ወሽመጥ ተገኝቷል፤ ደሴት ሳይሆን ዋናው መሬት ነው፤ ነፋሱ ግን እየተነሣ ስለሆነ የሚወርደው በአንድ ዙር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ የዓለምዘርፍም ይህን ስትሰማ ለብሳ ጨርሳ ነበር።

ከመርከቧ በታች ወዳለው በር ሲደርሱ ሰልፍ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ጫማውን መድኃኒት ባለበት ገንዳ ውስጥ ነክሮ በብሩሽ ይፈትጋል። ተራዋ ደረሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ ስትፈትግ ብሩሹ የሱሪዋን ጠርዝ ያዘና ክሩን በጠሰው። ከጠርዙ ውስጥ አንዲት ጥቁር ፍሬ ወጥታ ነጩ ወለል ላይ ወደቀች።

አየቻት። ጥቁር አዝሙድ ናት። ጎንበስ ብላ ጠርዙን ዳሰሰች፤ ባቄላ የምታክል ቋጠሮ በጣቶቿ መሐል ተንከባለለች። እንደዚያ አጥብቆ የሚቋጥር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እትዬ ለመንገድ ጠባቂ ይሆናት ብለው ጥቁር አዝሙድና ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የተባረከ አፈር፣ እምነት የሚሉትን፣ ሱሪዋ ውስጥ ሰፍተውላታል። እናቷ ቀለበቱን እንደሰፉላት።

ማንም አላየም። ከፊቷ ያሉት ጀልባ እየገቡ ነው፤ ሉሲያ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራለች። የዓለምዘርፍ ሳታስበው ጫማዋን ፍሬዋ ላይ አሳረፈች። «ምንም» የሚለው ቃል ከአርባ ዓመት በኋላ ምላሷ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አሁን ደግሞ የጠየቃት እንኳ የለም። ዝም ብላ ብትሄድ መሬቱ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ብትናገር ይቀርባታል።

እዚያ ላይ ቆማ ገባት። እዚህም እንደዚያው ከሆነ፣ እዚህም የተደበቀ ነገር በጠርዟ ይዛ ከገባች፣ ይህ መሬት አራተኛው ይሆናል እንጂ የመጀመሪያው አይሆንም። እግሯን አነሣች።

«ሉሲያ» አለች በእንግሊዝኛ። «እኔ ንጹሕ አይደለሁም።»

ሉሲያ ዞረች። የዓለምዘርፍ ፍሬዋን በጣቷ አንሥታ አሳየቻት፤ ከዚያ የተተረተረውን ጠርዝ ገለጠች።

«ምንድነው?»

«ዘር ነው። አፈርም አለበት። የሚወዱኝ ሰው ናቸው የሰፉት። አላወቅኩም ነበር፤ አሁን ግን አውቄያለሁ።»

ሉሲያ ተንበርክካ ስፌቱን አየች። አፈሩ ከቋጠሮው ወጥቶ በጠርዙ ውስጥ ተበትኗል። «በዚህ ሱሪ መውረድ አይችሉም» አለች፤ እውነት ያሳዘናት ትመስል ነበር። «ትርፍ ሱሪ ፈልገን እስክናመጣ ደግሞ ነፋሱ አይጠብቀንም። የመጨረሻው ጀልባ ይኼ ነው።»

የዓለምዘርፍ ራሷን ነቀነቀች። ከፋት፤ መክፋቱን አልደበቀችም። ግን ከዚህ በፊት በየኬላው ያጠምቃት የነበረው ያ ላብ ሳይመጣባት ቀረ።

ከኋላዋ ኮሽታ ሰማች። ዓብዩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የራሱን ውኃ የማያስገባ ሱሪ እያወለቀ ነው። እሱ ረጅም ስለሆነ ሱሪው በእትዬ እጅ አላለፈም። ፊቱ ገና ከማዕበሉ አላገገመም፤ በውስጥ ሱሪው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘረጋላት።

«ዓብዩ፣ ምን ነካህ?»

«ልበሺው።»

«አንተስ?»

«እኔ ባሕሩን አይቼዋለሁ። መሬቱ ያንቺ ነው።» ከዚያ ድምጹን ለካናዳውያኑ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ ጨመረ። «ባሕርተኛ መርከቡን ጥሎ አይወርድም።»

ሱሪው እስከ ብብቷ ደረሰ። ሉሲያ ራሷ ጫፉን ሦስት ጊዜ አጥፋ በላስቲክ አሠረችላትና መረመረችው። «ንጹሕ ነው» አለች።

ጀልባዋ ዳር ስትደርስ የዓለምዘርፍ እግሯን ወደ ውኃው አወረደች። እስከ ጉልበቷ ሆነ፤ ብርዱ በጎማው ጫማ ውስጥ አልፎ ተሰማት። አንድ እርምጃ፣ ድንጋይ። ሌላ እርምጃ፣ ጠጠር። ከዚያ በረዶ ጀመረ፤ ከእግሯ ሥር ጭርክ አለ። ቆመች።

በኛ ደንብ ወድቃ መሬቱን መሳም ነበረባት፤ ጉልበቷም ሊታጠፍ ጀምሮ ነበር። ነገር ግን የአእዋፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ እንዳይዛመት መንበርከክም መቀመጥም የተከለከለ ነው፤ መሬቱን መንካት የሚችለው የጫማ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቷን አቃናች። ይህም ሆነላት። ሌላውን መሬት ሁሉ አጎንብሳ ነው የገባችበት፤ ይኼን ቀጥ ብላ። «ወድጄ» አለች ጮክ ብላ በአማርኛ። «ወድጄ ነው የመጣሁት።»

ፔንግዊኖቹ በቁልቁለቱ ላይ ጎጇቸውን በጠጠር ሠርተዋል። አንዱ የጎረቤቱን ጠጠር በአፉ ሰርቆ ሲሮጥ፣ ባለቤቱ ሲጮህበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሌባው ጎጆ ሲሰርቅ አየች፤ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰው ወደ ፔንግዊን እንዳይጠጋ ሕግ አለ፤ ለፔንግዊኑ ግን አልተነገረውም። አንድ ግራጫ ለምድ የለበሰ ጫጩት እየተወላገደ መጣና የታጠፈውን የዓብዩን ሱሪ ጫፍ በአፉ ጎትቶ መረመረ። የዓለምዘርፍ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆመች። በሕይወቷ ካለፈችባቸው ኬላዎች ሁሉ እንደዚህ ያለ ፈታሽ አላጋጠማትም። ጫጩቱ ምንም አላገኘም፤ ዞር ብሎ ወደ እናቱ ሄደ።

ነፋሱ ሲበረታ መለሷቸው። ከመርከቧ ላይ ዓብዩ ብርድ ልብስ አገልድሞ በሁለት እጁ ያውለበልብላት ነበር። ስትደርስ አቀፈችውና ትከሻው ላይ አለቀሰች። የደስታ ልቅሶ መሆኑን፣ ስታለቅስ አይታት የማታውቀው ሉሲያ እንኳ አወቀች።

ወደ ቤታቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደች። እትዬ ወለተሥላሴ የሱቁ በር ላይ አቅፈው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ዓይኗ ይበራል፣ ፀሐይ መቷታል። «ከበሽታሽ ተሽሎሻል» አሉ።

«አልታመምኩም ብዬዎት ነበር እኮ።»

«ታዲያ ምን አመጣሽልኝ?»

«ከዚያ ምንም አይወጣም፣ እትዬ። ይኼን ግን አምጥቻለሁ።» ሉሲያ አሽጋ ያስቀመጠችላትን የላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሱሪው ነው፤ አጠገቡ የእትዬ ቋጠሮ አለ። «የኛ አፈር እዚያ አይገባም። በደጁ ደርሶ ተመለሰ።»

እትዬ ቋጠሮዋን አዩ፤ ደነገጡ። የሆነውን ሁሉ ስትነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙ። ስትጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ማንም ካላየሽ ለምን ነገርሻቸው? እኔ ብሆን እረግጣት ነበር።»

«እኔም ረግጫት ነበር» አለች የዓለምዘርፍ። «እትዬ፣ በየበሩ ሲጠይቁኝ ዋሽቼ ነው ያለፍኩት። አንድ በር እንኳ ሳይጠይቁኝ ተናግሬ ልለፍ ብዬ ነው።»

እትዬ ገባቸው፤ ምጽዋ፣ ጅቡቲ፣ ሌላም ሌላም በር እሳቸውም አልፈዋል። ቋጠሮዋን አንሥተው ስመው ከስፌት ማኪናቸው በላይ ካለው ቅዱስ ሥዕል ሥር አኖሯት። ከዚያ ሱሪውን ዘርግተው፣ ጠርዙን ገልብጠው፣ በብሩሽ ደጋግመው ጠረጉት። መነጽራቸውን አድርገው ማኪናው ላይ ተቀመጡ።

«ምን ያደርግልዎታል? እኔ እኮ ጨርሻለሁ» አለች የዓለምዘርፍ።

«ቁመታችን አንድ አይደል» አሉ እትዬ ቀና ሳይሉ። «ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ለሰው ሠርግና ለሰው ለቅሶ ያልሄድኩበት አገር የለም። ለራሴ የሄድኩበት ቢጠሩልኝ አንድም የለ።»

ማኪናው ተነሣ፤ ጠርዙ ዙሪያውን ተሰፋ። እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ሱሪውን እንድታይላቸው አቀበሏት። «ምንም አልጨመርኩበትም» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች የዓለምዘርፍ፤ ቢሆንም ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ዳሰሰችው።